በቁሙ የተለቀሰለት ወንድሜ

ሾክ ሲባል ሰው ሁሉ መደንገጥ ይመስለዋል። እኔም ነርሲንግ ከመማሬ በፊት እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። በሽታው ግን ሌላ ነው። ደም ወደ አንጎል፣ ወደ ኩላሊት፣ ወደ ጣቶች የሚደርስበት ጉልበት ያልቅና ሰውየው ዓይኑ እያየ ከዳር ጀምሮ ይቀዘቅዛል። ላሊበላ ስሠራ ያየሁት አብዛኛው ከደም መፍሰስና ከተቅማጥ የመጣ ነበር። ወላዷ ከሩቅ መንደር፣ ከብልባላ፣ በቃሬዛ ትመጣለች፤ ሕፃኑ ዓይኑ ጎድጉዶ በእናቱ ጀርባ ይመጣል። መድኃኒቱም ያው የጎደለውን መሙላት ነው። ደም ሥር ይፈለጋል፣ ፈሳሽ ይሰቀላል፣ እጁ ሲሞቅ ተመስገን ይባላል። ብዙ እጅ አሙቄያለሁ፤ በዚህ አልታማም።

ወንድሜን ያመጡት በዐቢይ ጾም፣ በገበያ ቀን ነው። መንደራችን ገነተ ማርያም አጠገብ ነው። እሱ እዚያ ከእናታችን ጋር ይኖራል፣ በዲቁና ያገለግላል፣ ዜማ ይማራል። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ከተማ ገብቼ ደመወዝ በላተኛ የሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ። ልጅ ሆኖ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉ ወርዶ ነው ተብሎ ተቆርጦለታል። ቀጥሎ ጉልበቱና ክርኑ እየተፈራረቁ አበጡ። ከዚያ ሁሉም ተረሳ። በሽታው ግን አልረሳውም ነበር፤ ቀስ እያለ አንዱን የልቡን በር አደድሮ አጥብቦት ኖሯል። ሲያድግ ማኅሌት ላይ ጸናጽል ይዞ ሲያሸበሽብ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ መቋሚያው ላይ ተደግፎ ያርፋል። ጾሙ ነው ይላሉ፤ እሱም ጾሙ ነው ይላል። እኔ ማዳመጫዬን ደረቱ ላይ ባደረግሁ ቁጥር በምሰማው ነገር እበግናለሁ። ታከም ብዬ ስለምነው "ከፋሲካ በኋላ" ይለኛል። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ግን ነግሮኝ አያውቅም።

ቃሬዛውን ሲያወርዱት እጁን ያዝኩት። በክረምት ከወንዝ የወጣ ድንጋይ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ የደም ግፊቱ አይለካም፣ ዓይኑ ግን እኔን ያየኛል። እንደለመድኩት ፈሳሽ አንጠልጥዬ ደም ሥር መፈለግ ስጀምር፣ ከተመረቀ ዓመት ያልሞላው ሐኪማችን ክንዴን ያዘኝ።

"ሲስተር፣ ተዪው። የእሱ ውሃ አልጎደለም። ሳንባውን ስሚው፤ ሞልቷል። የደከመው ራሱ ልቡ ነው፤ ይህን ብንጨምርበት እናሰጥመዋለን።"

እውነቱን ነበር። ከልብ ድካም የሚመጣው ሾክ ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው፤ መሙላት ይገድላል። የደከመውን ልብ በመድኃኒት እየቀሰቀሱ ማሠራት፣ ሳንባ ላይ የተኛውን ውሃ በሽንት ማስወጣት፣ ኦክስጅን መስጠት፤ ያለን ይኸው ነው። የመድኃኒቱን ጠብታ የሚመጥን ማሽን ስላልነበረን ሰዓቴን እያየሁ በዓይኔ ቆጠርኩ። ጠብታው ቢፈጥን ልቡ ይዘላል፤ ቢዘገይ እጁ መልሶ ይቀዘቅዛል። የሥራ ባልደረባዬ ልተካሽ ስትለኝ ጮህኩባት። ወንድሜ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም አልተቀየመኝም።

በማግሥቱ እጁ ሞቅ አለ። ሐኪሙ አዲስ አበባ ወዳሉ አስተማሪው ደወለ፤ ከውጭ የሚመጡ የልብ ቀዶ ሐኪሞች በዚያው ሳምንት እንደሚገቡና አንድ ሰው ሊጨምሩ እንደሚችሉ ተነገረው። ሐኪሙ ስልኩን ዘግቶ ሲስቅ አየሁት። እንደ ልጅ ነው የሳቀው።

እናታችን አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጣች። ከዚያ በፊት አውሮፕላን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይታ አታውቅም፤ ያን ቀንም ዞር ብላ አላየችውም። ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ እጁን ስማ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች።

"አደራ ልጄ። ከእሱ ሌላ ወንድ የለኝም" አለችኝ።

አባታችን ከሞተ ቆይቷል። የቤታችን ትልቅ ሰው አጎታችን፣ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ቄስ ናቸው፤ አባ እንላቸዋለን። ሞባይል ወደ ገጠሩ ገና መግባቱ ስለነበር ከዘመዶቻችን ስልክ ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። በጨርቅ ጠቅልለው በኪሳቸው ይይዙታል፤ ላሊበላ ገበያ ሲወጡ ቻርጅ ያስደርጉታል። እደውላለሁ አልኳቸው፤ ደወልኩም። መከራው ሁሉ የመጣው በመደወሌ ነው።

አዲስ አበባ ደረቱን ከፈቱት። ደሙን በቱቦ ወደ ማሽን አወጡት፤ ማሽኑ ኦክስጅን እየሰጠ መልሶ ወደ ሰውነቱ ይልከዋል። ልቡን በመድኃኒትና በቅዝቃዜ አቆሙት፤ የጠበበውን በር ቆርጠው ጥለው የብረት በር ተኩለት። ይህ ሁሉ የታሰበ ነው። ያልታሰበው ልቡ መልሶ ሲነሣ ጉልበት ማጣቱ ነው። ከማሽኑ ሊያላቅቁት ሲሞክሩ ግፊቱ ይወርዳል፤ መልሰው ያገናኙታል። በመጨረሻ ከጭኑ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው ልቡ አጠገብ ካለው ትልቁ የደም ሥር አደረሱት። ቱቦው ጫፉ ላይ ረዘም ያለ ፊኛ አለው። ልብ ሲያርፍ ፊኛው ይነፋል፣ ልብ ሊገፋ ሲል ፊኛው ይሟሽሻል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ የደከመው ልብ ሸክሙ ይቀልለታል። ያስረዳችኝ አንዲት የዚያ ክፍል ነርስ ነበረች፤ እህቱም፣ እንደሷ ነርስም መሆኔን አውቃ ከሌላው ቤተሰብ በላይ ታስገባኝ ነበር።

ስገባ ፊቱ የአስከሬን ፊት ነው። ዓይኑ ተከድኗል፤ አፉ ውስጥ ቱቦ አለ፤ ደረቱ በማሽን ከፍ ዝቅ ይላል። እግሩን ያዝኩት። ሞቋል። ዕድሜዬን ሁሉ የሰው ነፍስ መኖሯን ያወቅሁት በእጄ ሙቀት ነው፤ ያን ቀን ግን እጄን ማመን አቃተኝ። ከአልጋው ጎን የቆመው ሣጥን ፉ፣ ፉ ይላል። ሰው ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዞሬ አይቻለሁ። ይህ ሙቀት የወንድሜ ነው ወይስ የሣጥኑ? ነርስ ነኝ፣ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ፈራሁ። የገዛ ወንድሜን ፈራሁት፤ እግሩንም ቶሎ ለቀቅሁት።

ወጥቼ አጎቴ ዘንድ ደወልኩ። እውነቱን ልንገራቸው ብዬ ቆርጬ ነበር። በሥራዬ ላይ ቤተሰብ ሲሸነገል ማየት ያንገበግበኛል፤ ለራሴ ቤተሰብማ አላደርገውም አልኩ።

"እንዴት ነው ልጃችን?" አሉኝ።

"ቀዶ ሕክምናው አልቋል፣ አባ። በሕይወት አለ።"

"ተመስገን። ያናግርሻል?"

"አሁን አያናግርም።"

"ዓይኑን ይገልጣል?"

"አይገልጥም። በመድኃኒት አስተኝተውት ነው።"

"ትንፋሹስ?"

"ትንፋሹን ማሽን ነው የሚሰጠው። ልቡንም አቁመው ነበር የሠሩለት፤ አሁን እሱንም ሌላ ማሽን እያገዘው ነው። ግን ደህና ነው አባ፣ ደህና ይሆናል።"

እዚህ ላይ አለቀስኩ። አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር፤ ተሰምቷል።

"እሺ ልጄ" አሉ ድምፃቸው ተለውጦ። "ገባኝ። መቼ ትመጣላችሁ?"

"አሁን አይንቀሳቀስም። ገና ነው።"

"ይሁን። በርቺ። አንቺ ብቻ ራስሽን ጠብቂ።"

እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ሩቅ ላለ ሰው "ትንሽ አሞታል፣ ና" ነው የሚባለው፤ ሟቹ ከተቀበረ በኋላም ቢሆን "ደህና ነው፣ ይሻለዋል" እየተባለ ሰውየው እንዲመጣ ይደረጋል፤ ሲደርስ ዘመድ ተሰብስቦ ይይዘዋል። ስለዚህ ከሩቅ "ደህና ነው" የሚል ወሬ የሰማ ሰው ቃሉን ትቶ የተናጋሪውን ድምፅ ያዳምጣል። አጎቴ ደግሞ በመንደሩ መርዶ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ሥራውን ያውቁታል። አይናገርም፣ ዓይኑን አይገልጥም፣ አይተነፍስም፣ ልቡ ቆሟል፤ ልጅቱ ታለቅሳለች፣ ደህና ነው ትላለች። ሌላ ምን ይባላል? የኔ ልጅ በወጉ አድርጋዋለች ብለው አስበዋል፤ የቀረውን እኔ ልወጣው ብለዋል። አንዲት ውሸት ሳልናገር ወንድሜን ገደልኩት ማለት ነው። ለማን እንደምቆጣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ግን እቆጣለሁ።

ጎህ ሲቀድ የእናቴን ቤት ከበቡት። ሴቶቹ ከኋላ፣ ካህናቱ ከፊት። በሯን ከፍታ ስታያቸው መናገር እንኳ አላስፈለጋቸውም ይላሉ፤ ያን ሰዓት ያን ያህል ሰው የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። አስከሬኑ እዚያው አዲስ አበባ ይቀበራል ብለው ስላሰቡ ሲቀድስ የሚለብሰውን ነጭ ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግተው ለቅሶውን በእሱ ላይ አደረጉት። ፍትሐቱን አጎቴ ራሳቸው መሩት። ልጅ ሆኖ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ነበሩና ድምፃቸው እየተቆረጠ ነው የጨረሱት። እናቴ ፀጉሯን ተላጨች፣ ፊቷን ነጨች፣ ቀሚሷን ጥቁር አስነከረች። መቋሚያው ለቤተ ክርስቲያኑ ተሰጠ፤ ጋቢው ለደጀ ሰላሙ የኔ ቢጤ።

እኔ ይህን አላወቅሁም። በአራተኛው ቀን ፊኛውን አወጡለት፤ ልቡ ብቻውን ቻለ። ቱቦውም ከአፉ ወጣ፤ በሻከረ ድምፅ መጀመሪያ የጠየቀኝ ጾሙ ተፈታ ወይ ብሎ ነው። ሳቅሁ፤ ወዲያው ደወልኩ።

"አባ፣ ነቃ! ሾርባ ጠጣ። ስለ እርስዎም ጠየቀኝ።"

"አይዞሽ ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው። "አይዞሽ። ስትመጪ እንነጋገራለን።"

ሽማግሌ ናቸው፣ ኔትወርኩም ደካማ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በኋላ ስልካቸው አልሠራም። ለካ ዘግተውት ነው። "ብቻሽን ሆነሽ ለእኛ ብለሽ ስትዋሺ መስማት አቃተኝ" ብለውኛል ኋላ፣ እያለቀሱ።

አርባው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተመለስን። ከላሊበላ መኪና አግኝተን ገነተ ማርያም አጠገብ ወረድን፤ ከዚያ መንገዱ የእግር ነው፤ እሱ እያረፈ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ የኔ ቢጤው ጋቢውን ደርቦ ተቀምጧል። ወንድሜ ጋቢውን አወቀው፤ ሰርቆኝ ነው ብሎ ሳቀ። ውሃ የቀዳች አንዲት ጎረቤታችን ከፊታችን ብቅ አለች፤ አየችው፤ ጀሪካኗን ጥላ "እግዚኦ!" እያለች ወደ መጣችበት ሮጠች። የዚያን ጊዜ ወንድሜ መሳቁን ተወ። እኔም ገባኝ።

እናቴ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጣ ነበር። ጥቁር በጥቁር ናት፤ ራሷ ላይ ፀጉሯ ገና እንደ ቡቃያ ብቅ ማለቱ ነው። ጩኸቱን ሰምቶ ሰው ሁሉ ግቢውን ሞልቷል። እሷ አልተነሣችም። እሱን አየችው፤ ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ማንን ነው ያመጣሽልኝ?" አለች።

አጎቴ እግሩ ላይ ወደቁ። ይቅር በለኝ እያሉ ሲንሰቀሰቁ፣ ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ለማንሣት ደረቱ አልፈቀደለትም። ቀልድ ግን አያልቅበትም፤ "አባ፣ ፍትሐት አድርገውልኝ ኃጢአቴ ሁሉ ተሰርዟል፤ ይህን የመሰለ ውለታ ማን ይውልልኛል?" አላቸው። ሰው ሳቀ፣ አለቀሰ፣ እልል አለ። ለተዝካሩ የተጠመቀው ጠላ ለደስታው ተጠጣ። በራሱ ተዝካር ተቀምጦ ዳቦ የቆረሰ ሰው በላስታ ከእሱ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እናቴ በዚያ ሁሉ መሐል ከሰሌኗ አልተነቃነቀችም።

ሰው ሲበተን ጠራችው። አጠገቧ ተቀመጠ። ጆሮዋን ደረቱ ላይ አደረገች፤ ያኔ ሰማችው። የብረቱ በር በተዘጋ ቁጥር ጠቅ ይላል፤ ቤቱ ጸጥ ካለ አጠገቡ የተቀመጠ ሁሉ ይሰማዋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ለልቡ የተሠራለት በር ነው፣ እማ። ብረት ነው" አልኳት።

"ማሽኑ ነው?"

"ማሽኑ አዲስ አበባ ቀርቷል። ይሄ በር ብቻ ነው። ልቡ የራሱ ነው።"

ራሷን ነቀነቀች። እንዳላመነችኝ አየሁ። ልጅሽ ልቡ ቆሟል ብለው የነገሯት ካህናት ናቸው፤ ማሽን ያንቀሳቅሰዋል ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል በጆሮዋ ሰማች። ልጇ ሞቷል፤ የመጣው ብረቱ የሚያንቀሳቅሰው ነው። ይህን በአፏ አልተናገረችም። መናገርም አላስፈለጋትም።

ጥቁሯን አላወለቀችም። ቁርስ ታቀርብለታለች፣ እግሩን ታጥበዋለች፣ መኝታውን ታነጥፋለች፤ ሁሉንም እንግዳ እንደምታስተናግድ አድርጋ። ልጄ አትለውም። በየዓመቱ ልብሱ የተለቀሰበት ቀን ሲደርስ ዳቦ ጋግራ፣ ንፍሮ ቀቅላ ሙት ዓመቱን ታወጣለች። እሱ እንጨት ፈልጦላት፣ ዳቦውን ተሸክሞላት ይሄዳል። "የራሴ ዳቦ ይጣፍጠኛል" ይለኛል፤ ግን ዓይኑ አይስቅም። አጎቴ ነውር ነው፣ ተዪ ቢሏት "ፍትሐቱን ማን መራው?" አለቻቸው።

ሌላውም ቢሆን ከእሷ ብዙ አይሻልም። ማኅሌት ሲቆሙ ከጎኑ ያለው ትንሽ ራቅ ይላል። ጽዋ ሲዞር ከእሱ በኋላ የሚቀበለው ጠርዙን በነጠላው ጠረግ ያደርጋል። ለጋብቻ የተጠየቁ ቤቶች ሁሉ በትሕትና መለሱን፤ ፍትሐት ለተደረገለት ሰው ልጁን የሚሰጥ ማን ነው? ሳያገባ ደግሞ ቅስና የለም። የሚወደው ነገር ሁሉ በር ላይ አቆመው።

አንድ ቀን መድኃኒቱን ልሰጠው ስሄድ አጥሩ ሥር ተቀምጠን "አንዳንዴ እኔም እጠራጠራለሁ" አለኝ።

"ምኑን?"

"እነዚያን ቀናት። አንቺ በሕይወት ነበርክ ትያለሽ። ሰዉ ሞቶ ነበር ይላል። እኔ ምንም አላስታውስም። ማን ይመስክር?"

"እግርህን ይዤ ነበር። ሞቆ ነበር" አልኩት። ፈርቼ መልቀቄን አልነገርኩትም። እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚመጣብኝ ያ ነው፤ ተረኛ ሆኜ የታማሚ እግር ስነካ ሣጥኑ ከኋላዬ ፉ ይላል።

ብረት በደም ውስጥ ሲኖር ደም ይረጋበታል፤ እንዳይረጋ ዕድሜ ልክ ኪኒን ይወሰዳል። ኪኒኑ ልክ መሆኑን የሚያሳየው የደም ምርመራ ላሊበላ ስላልነበረ ደሴ ድረስ እንወርድ ነበር። ጎመን ደግሞ የኪኒኑን ጉልበት ያደክመዋል። ይህን ስነግረው የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም፤ በክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ላስታ ውስጥ ጎመን አትብላ ማለት ምንም አትብላ ማለት ነው። በልክ ብላ፣ ሁልጊዜ እኩል አድርገው አልኩት። እሺ አለኝ። ከዓመታት በኋላ አንድ ክረምት እህሉ አልደረሰም ነበር፤ ጓሮው ግን ጎመን በጎመን ነበር። ዝናቡም ከደሴ መንገድ ሁለት ጊዜ አስቀረን።

በዚያው ፍልሰታ አንድ ቀን ረፋድ ላይ እናቴ የተመላላሽ ታካሚዎች በር ላይ ቆማ አየኋት። ዝናብ አበስብሷታል፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። ከመንደር በእግሯ መጥታ ነው። ታማ መስሎኝ ሮጬ ያዝኳት።

"ድምፁ ጠፋ" አለችኝ።

"የምን ድምፅ፣ እማ?"

"ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው። ከትናንት ጀምሮ ታፍኗል። ዛሬ ጭራሽ አጣሁት። እያመጡት ነው፤ እኔ ቀድሜ መጣሁ፤ ተዘጋጂ።"

ዓይኗን አየሁት። "ትጠዪው አልነበር?"

"እጠላው ነበር። ጥጤን ስፈትል ከጎኑ እቀመጥና አዳምጠዋለሁ። እሱ ካለ አለ እያልኩ ነው የኖርኩት።"

ቃሬዛው ሲደርስ እጁን ያዝኩ። ያው ቅዝቃዜ ነው። ደረቱን አዳመጥኩ፤ የብረቱ በር ድምፅ የለም፤ ደም ረግቶበት ተጣብቋል። ያ ወጣት ሐኪም ተዛውሯል፤ አዲሱም ጎበዝ ነበር፤ ያንኑ መድኃኒት ሰቀልን፤ ደም የሚያቀጥነውን ሰጠነው፤ እኔ ጠብታውን ያዝኩ። አዲስ አበባ ደወሉ፤ አምጡት ተባልን። ጉም ተራራውን ሸፍኖት አውሮፕላኑ ሳያርፍ ተመለሰ። ያን የፈራሁትን ሣጥን የዚያን ዕለት ለአንድ ቀን፣ ለግማሽ ቀን ብቻ ቢያበድረኝ ብዬ እግዜርን ለመንኩት። እጁ አልሞቅ አለኝ። ከሰዓት በኋላ እኔን እያየኝ ነበር፤ ከዚያ ማየቱን ተወ።

ቱቦዎቹን ነቀልኩ፣ አገጩን አሠርኩ። እናቴ መጥታ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አደረገች፤ ብዙ ቆየች። አጎቴና የተሸከሙት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አጎቴ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ ፍትሐቱ ተደርጎለታል" አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። "ለቅሶውም ተለቅሷል። በጸጥታ ብናሳርፈው…"

እናቴ ቀና አለች። "ያኔ የፈቱት ጨርቅ ነው" አለቻቸው። "ልጄ ዛሬ ነው የሞተው። ከመጀመሪያው ይጀምሩ።"

ከዚያ እጁን አነሣች፤ መዳፉን አገላብጣ አየችው። እንጨት ሲፈልጥላት የደደረ መዳፍ ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካካቻቸው፣ ጉንጯ ላይ አደረገቻቸው፣ ቀዘቀዟት።

"ለካ ልጄ ነበር" አለች። "ይህን ሁሉ ዓመት ቤቴ የተቀመጠው ለካ ልጄ ነበር።"

ጩኸቷን እስከ ውጭው በር ድረስ ሰሙት። እኔ አልጮህኩም፤ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ያዝኳት፤ አጎቴም ነጠላቸውን አስተካክለው መጽሐፋቸውን እንዲያመጡላቸው ሰው ላኩ።